የዊዛርድሪን የመጀመሪያ ወለል በሕይወት ማለፍ፦ ደረጃ በደረጃ

ስድስት ሰው ፈጥራችኋል። ስም አውጥታችሁላቸዋል። ሰይፍ ገዝታችሁ ወደ ዋሻው ወርዳችኋል። ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን በር ስትከፍቱ ግን ስድስቱም አልቀዋል። ይህ ከደረሰባችሁ መመሪያው ለእናንተ ነው።

ዊዛርድሪ ስድስት ሰው ፈጥራችሁ ዋሻ ውስጥ ጭራቅ የምትዋጉበት የኮምፒውተር ጌም ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ለአፕል ቱ ኮምፒውተር ወጣ። በ2024 ደግሞ እንደ አዲስ ተሠርቶ ለፕሌይስቴሽን፣ ለኤክስቦክስና ለስዊች ቀረበ። አዲሱ ሥራ የተገነባው በድሮው ጌም ኮድ ላይ ነው። ሥዕሉና ድምፁ ቢያምርም ከስር የሚሰላው የድሮው ሒሳብ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ለሁለቱም ይሠራል።

ይህን ጌም በጣም እወደዋለሁ። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ተናዶ ሲተወው ስለማይ ያሳዝነኛል። ችግሩ የእጅ ፍጥነት አይደለም። ሰዎች የሚሞቱት አንድ በር አብልጠው ስለሚከፍቱ ነው። መመሪያው በሙሉ በአንድ ነገር ላይ ይዞራል፦ በጊዜ መውጣት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ እዚህ ጌም ውስጥ ወደኋላ መመለስ የለም። በሌሎች ጌሞች ከከባድ ውጊያ በፊት ሴቭ ታደርጋላችሁ፤ ከሞታችሁ ከዚያው ትጀምራላችሁ። ዊዛርድሪ ግን የሆነውን ሁሉ ራሱ ይመዘግባል። የሞተ ሰው እንደሞተ ይመዘገባል።

ሁለተኛ፣ የመከላከያ ቁጥር የሚቆጠረው ወደ ታች ነው። ምንም ያልለበሰ ሰው 10 ነው። ጥሩ ጥሩር የለበሰ 4 ወይም 3 ይሆናል። ቁጥሩ ሲቀንስ ደስ ይበላችሁ። ይህን ሳያውቁ ጥሩሩን አውልቀው የሚሸጡ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሦስተኛ፣ ደብተርና እርሳስ አጠገባችሁ አስቀምጡ። አዲሱ ጌም ካርታውን ራሱ ይስልላችኋል። ቢሆንም የቆማችሁበትን ቦታ በቁጥር የመጻፍ ልማድ ያስፈልጋችኋል። ለምን እንደሆነ «ስድስቱም ካለቁ» የሚለው ጋ ስትደርሱ ታያላችሁ።

አዲሱን የምትጫወቱ ከሆነ ማስተካከያው ውስጥ ግቡ። የድሮውን ዘመን ሕጎች አንድ በአንድ የምታበሩበትና የምታጠፉበት ክፍል አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከባዶቹን አጥፏቸው። ማንም አይታዘባችሁም። ጌሙን ስትለምዱት መልሳችሁ ታበሯቸዋላችሁ።

ደረጃ 1፦ ስድስቱን ምረጡ

ጌሙ ከሚጀምርበት ግንብ ውጡና ወደ ማሠልጠኛው ሜዳ ሂዱ። እዚያ የምትፈጥሩት ቡድን ይህ ይሁን፦

ሦስት ተዋጊ፣ አንድ ካህን፣ አንድ ሌባ፣ አንድ አስማተኛ።

ሌላ አሰላለፍ የሚመክሩ አሉ። ለጀማሪ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ፊት ላይ ሦስት ጠንካራ ሰው ካልቆመ የኋላዎቹ ዕድሜ አጭር ነው።

ዘራቸውን እንዲህ ምረጡ፦

- ተዋጊዎቹ ድዋርፍ ይሁኑ። ጉልበታቸው ከ10፣ ጽናታቸውም ከ10 ይጀምራል። ተዋጊ ለመሆን የሚያስፈልገው ጉልበት 11 ብቻ ነው።
- አስማተኛው ኤልፍ ይሁን። አእምሮው ከ10 ይጀምራል፤ የሚፈለገው 11 ነው።
- ካህኑ ኖም ይሁን። እምነቱ ከ10 ይጀምራል፤ የሚፈለገው 11 ነው።
- ሌባው ሆቢት ይሁን። ቅልጥፍናው 10፣ ዕድሉ 15 ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ መጣ፤ ጠባይ። እያንዳንዱ ሰው ጥሩ፣ ክፉ ወይም ገለልተኛ ይሆናል። ጥሩና ክፉ በአንድ ቡድን አይሰለፉም። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ልታሰባስቧቸው ስትሞክሩ እምቢ ይሏችኋል። ካህን ገለልተኛ መሆን አይችልም። ሌባ ደግሞ ጥሩ መሆን አይችልም። ስለዚህ ካህኑን ጥሩ፣ ሌባውን ገለልተኛ፣ ተዋጊዎቹንና አስማተኛውን ጥሩ ወይም ገለልተኛ አድርጉ። ገለልተኛ ከሁሉም ጋር ይስማማል።

ደረጃ 2፦ ነጥቡን በትክክል አከፋፍሉ

ሰው ስትፈጥሩ ጌሙ በዕጣ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣችኋል። ብዙ ጊዜ ከ10 አይበልጥም። አልፎ አልፎ ግን ከ15 በላይ ይመጣል።

ዕጣው ትንሽ ቁጥር ከወጣ ተዉትና እንደገና ፍጠሩ። ቢያንስ 8 ወይም 9 እስኪወጣ ድረስ ታገሡ። አሰልቺ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እዚህ የምታጠፉት 20 ደቂቃ በኋላ ብዙ ሰዓት ያተርፍላችኋል።

ከዚያ እንዲህ አድርጉ፦

1. መጀመሪያ ለሙያው የሚያስፈልገውን ትንሹን ቁጥር ሙሉ።
2. ለተዋጊ የቀረውን ወደ ጉልበትና ወደ ጽናት አድርጉ። ጉልበት ከ16 ጀምሮ የመምታት አቅም ይጨምራል። ጽናት ከ16 ጀምሮ ሌቭል ባለፉ ቁጥር ላይፍ ይጨምራል።
3. ለአስማተኛ ሁሉንም ወደ አእምሮ፣ ለካህን ሁሉንም ወደ እምነት። ሌቭል ሲያልፉ አዲስ ድግምት የመማር ዕድላቸው በእነዚህ ቁጥሮች ነው የሚወሰነው።
4. ለሌባ ቅልጥፍና። ወጥመድ የማወቅ አቅሙ ከዚያ ነው የሚመጣው።

18 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ቢወጣላችሁስ? ያን ጊዜ ሳሙራይ የሚባለውን የላቀ ተዋጊ መፍጠር ትችላላችሁ። ጉልበት 15፣ አእምሮ 11፣ እምነት 10፣ ጽናት 14፣ ቅልጥፍና 10 ይፈልጋል። ድዋርፍ ወይም ኤልፍ ከሆነ በ18 ነጥብ ልክ ይሞላል። ጠባዩ ጥሩ ወይም ገለልተኛ ይሁን። ሲወለድ ጀምሮ ላይፉ ከተዋጊ ይበልጣል። ከሦስቱ ተዋጊዎች አንዱን በእሱ ተኩ።

ደረጃ 3፦ ሰባተኛውን ሰው አትርሱ

ብዙዎች ስድስት ሰው ፈጥረው ያቆማሉ። እናንተ አንድ ጳጳስ ጨምሩ።

ጳጳስ አእምሮ 12፣ እምነት 12 ይፈልጋል። ኤልፍ ከሆነ በ4 ነጥብ ብቻ ይሞላል። ጠባዩን ጥሩ አድርጉት። ይህ ሰው ወደ ዋሻው አይወርድም። ሥራው መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ ያገኛችሁትን ዕቃ ምንነት መለየት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከሳጥን የምታገኙት ዕቃ መጀመሪያ ስሙ አይታወቅም። «ሰይፍ» ወይም «ጥሩር» ብቻ ይላል። ግንቡ ውስጥ ያለው የቦልታክ ሱቅ ይለይላችኋል፤ ነገር ግን የሚያስከፍላችሁ ዕቃውን ብትሸጡለት የሚከፍላችሁን ያህል ነው። ትርፉ ዜሮ ነው ማለት ነው። ጳጳሱ ግን በነፃ ይለያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጳጳሱ መለየት ሲያቅተው የተረገመ ዕቃ ላዩ ላይ ሊጣበቅበት ይችላል። ያን ጊዜ ዕቃውን የሚያላቅቀው ቦልታክ ነው፤ በገንዘብ። እንዲያም ሆኖ በጠቅላላው ያዋጣል።

ከተቻለ ተጨማሪ ሁለትና ሦስት ተጠባባቂ ፍጠሩ። ዛሬ አያስፈልጓችሁም። አንድ ቀን ግን በጣም ያስፈልጓችኋል።

ደረጃ 4፦ ሱቅ ግቡ

ስድስቱን በጊልጋሜሽ መጠጥ ቤት ሰብስቡ። ከዚያ የሁሉንም ወርቅ ወደ አንድ ሰው አምጡ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለ። እያንዳንዱ በኪሱ ባለው ብቻ ሲገዛ አስማተኛው የማያስፈልገውን ይገዛል፤ ተዋጊው ባዶውን ይቀራል።

የዋናው ጌም ዋጋ እንዲህ ነው፦ ረጅም ሰይፍ 25፣ አጭር ሰይፍ 15፣ ጩቤ 5፣ የካህን ዱላ 30፣ ትንሽ ጋሻ 20፣ ትልቅ ጋሻ 40፣ የቆዳ ጥሩር 50፣ የሰንሰለት ጥሩር 90፣ ራስ ቁር 100።

የግዢው ቅደም ተከተል፦

1. ለሦስቱ ተዋጊዎች ረጅም ሰይፍ። 75 ወርቅ።
2. ለሦስቱም ጋሻ። ገንዘብ ከበቃ ትልቁን፣ ካልበቃ ትንሹን።
3. ለሦስቱም የቆዳ ጥሩር። ከተረፈ ከፊት ለሚቆመው የሰንሰለቱን።
4. ለካህኑ ዱላና ትንሽ ጋሻ።
5. ለሌባው አጭር ሰይፍና የቆዳ ጥሩር።
6. ለአስማተኛው ምንም፤ ወይም ጩቤ ብቻ።

መግዛት ብቻውን አይበቃም። ዕቃውን ልበሱት። እያንዳንዱን ሰው ክፈቱና የመከላከያ ቁጥሩ ከ10 መውረዱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ሰይፉን በሻንጣ ይዞ በባዶ እጁ ሲዋጋ የሞተ ተዋጊ ብዙ ነው።

ገንዘብ ካነሰስ? ማሠልጠኛው ሜዳ ተመለሱና ሌላ ሰው ፍጠሩ። አዲስ የተፈጠረ ሰው ሁሉ የራሱን ጥቂት ወርቅ ይዞ ይመጣል። ወርቁን ለቡድኑ ይስጥ። በድሮው ጌም የሚፈጠረው ሰው ቢበዛ 20 ስለሆነ ቦታው ከሞላ የማትፈልጉትን አጥፉ።

ደረጃ 5፦ ሰልፉን አስተካክሉ

ከስድስቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት የፊት መስመር ናቸው። በሰይፍ መምታት የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ጭራቆቹ በሰይፍና በጥፍር የሚመቱትም እነሱን ብቻ ነው። ከ4 እስከ 6 ያሉት ከኋላ ናቸው፤ ድግምት ብቻ ነው የሚወረውሩት።

ሰልፉ ይህ ይሁን፦ ተዋጊ፣ ተዋጊ፣ ተዋጊ፣ ካህን፣ ሌባ፣ አስማተኛ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ከፊት ያለ ሰው ሲሞት ወይም ሽባ ሲሆን ወደ መጨረሻ ይወርዳል፤ ከኋላ ያለው ወደ ፊት ይመጣል። ካህናችሁ ሳታስቡት ሦስተኛ ቦታ ላይ ቆሞ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ሰልፉን እዩ።

ደረጃ 6፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ውረዱ

ዋሻው 10 ወለል አለው። እያንዳንዱ ወለል 20 በ20 ካሬ ነው። የምትገቡበት ደረጃ ምሥራቅ 0፣ ሰሜን 0 ላይ ነው። ይህን ነጥብ ጻፉት። ሁሉም ነገር የሚቆጠረው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ዓላማ አንድ ውጊያ ነው። ሁለት እንኳን አይደለም።

1. ወደ ዋሻው ግቡና ከደረጃው ብዙ ሳትርቁ የመጀመሪያውን በር ፈልጉ።
2. ከመክፈታችሁ በፊት የመመለሻውን መንገድ በእርምጃ ቁጠሩ። «ሦስት ወደ ፊት፣ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ፊት» ብላችሁ ጻፉ።
3. በሩን ክፈቱ። ጭራቅ የሚጠብቃችሁ አብዛኛውን ጊዜ ክፍል ውስጥ ነው። መተላለፊያው ላይም ሊያጋጥም ይችላል፤ ግን ብዙም አይደለም።
4. ተዋጉ።
5. ብታሸንፉም ባታሸንፉም ወደ ደረጃው ተመለሱና ውጡ።

አምስተኛውን ነው ሰው የማይሰማኝ። «ገና ላይፍ አለኝ እኮ» ይላል። የሌቭል 1 አስማተኛ ድግምት መጠቀም የሚችለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ካህኑም እንደዚያው። ሁለቱ ካለቁ ቡድናችሁ ባዶውን ነው። የሚቀጥለው በር ስድስት ኦርክ ቢያወጣ ማቆሚያ የላችሁም።

ደረጃ 7፦ ውጊያው ራሱ

አስማተኛው ሲጀምር ሁለት ድግምት ያውቃል። ሃሊቶ እሳት ነው፤ አንድ ጭራቅ ላይ ከ1 እስከ 8 ጉዳት ያደርሳል። ካቲኖ እንቅልፍ ነው፤ አንድን ሙሉ ቡድን ያስተኛል።

ሃሊቶን እርሱት። ለጊዜው ካቲኖን ብቻ ተጠቀሙ። የተኛ ጭራቅ አይመታም፤ ለመምታት ይቀላል፤ የሚደርስበት ጉዳትም እጥፍ ነው። የመጀመሪያው ወለል ቁልፍ ይህ ድግምት ነው።

የመጀመሪያው ዙር፦

- አስማተኛ፦ ካቲኖ፣ ብዛት ባለው ቡድን ላይ።
- ሦስቱ ተዋጊዎች፦ ያንኑ ቡድን ይምቱ።
- ካህንና ሌባ፦ ይከላከሉ።

ካህኑ ዲዮስ የሚባለውን የማዳኛ ድግምት ይያዝ። ከ1 እስከ 8 ላይፍ ይመልሳል። ባዲዮስ የሚባል የማጥቂያ ድግምትም አለው፤ አትጠቀሙበት። ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ሂሳብ ስለሆነ ባዲዮስ ባላችሁ ቁጥር አንድ ማዳኛ አጣችሁ ማለት ነው።

ሁለት ቡድን ጭራቅ ቢመጣ? ካቲኖ አንዱን ብቻ ነው የሚያስተኛው። ትልቁን አስተኙና ነቅቶ ያለውን ትንሹን በሰይፍ ጨርሱ። ከዚያ ወደተኙት ዙሩ።

ካቲኖ ካልሠራ? አንዳንዴ አይሠራም፤ የሞቱና የተነሡ ጭራቆች ደግሞ ጭራሽ አይተኙም። አጽም የሚመስል ነገር ካያችሁ ካህኑ የማባረሪያ ትእዛዙን ይሞክር። ድግምት አያስወጣውም፤ ነገር ግን በተባረረው ጭራቅ ልምድ (ሌቭል የሚያሳልፈውን ነጥብ) አታገኙም። ነፍስ ከልምድ ይበልጣል።

መቼ ልሽሽ? በሚከተሉት ጊዜ፦

- ካቲኖ አልቆ ከአራት በላይ ጭራቅ ከመጣ።
- ከተዋጊዎቹ አንዱ ላይፉ ከ3 በታች ከሆነ።
- ካህኑ ከሞተ።

ሽሽት ሁልጊዜ አይሳካም። ካልተሳካ ጭራቆቹ አንድ ዙር በነፃ ይመቷችኋል። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ሽሹ፤ ሁሉም ላይፍ እያለው።

በሰላም የሚቀርቡ ጭራቆችም አሉ። ጌሙ «ወዳጅ ናቸው፤ ትዋጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ቡድን ከሆናችሁ ተዉአቸው። ወዳጅን ደጋግማችሁ ስትመቱ የጥሩ ሰው ጠባይ ወደ ክፉ ሊዞር ይችላል። ያን ጊዜ ቡድኑ መጠጥ ቤት ሲበተን እንደገና አይሰበሰብም።

ደረጃ 8፦ ሳጥኑ

ክፍል ውስጥ ካሸነፋችሁ ሳጥን ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ እባካችሁ ቀስ በሉ። ውጊያውን አሸንፎ በሳጥን የሞተ ቡድን ስንት ነው!

1. ሳጥኑን የሚነካው ሌባው ብቻ ይሁን።
2. መጀመሪያ ይመርምር። የወጥመዱን ስም ይነግራችኋል።
3. እንደገና ይመርምር። ሁለቱ መልስ ከተለያየ ተዉት። ግን ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ ሲመረምር ራሱ ሊፈነዳ ይችላል።
4. መልሱ አንድ ከሆነ ያንን ስም ሰጥታችሁ ያክሽፈው።

ሁለት ወጥመድ ሲጠራ ሳጥኑን ጥላችሁ ሂዱ። አንደኛው ጋዝ ነው፤ ቡድኑን ይመርዛል። መርዝ ስትራመዱ ላይፍ ይበላል፤ ማርከሻው ላቱሞፊስ የሚባል ድግምት ሲሆን ካህኑ የሚማረው ገና በሌቭል 7 ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ማርከሻ 300 ወርቅ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ወደ ሌላ ቦታ የሚወረውር ነው። የት እንደምትወድቁ አታውቁም።

ከተመረዛችሁስ? ቁሙና ካርታውን እዩ። አጭሩን መንገድ ምረጡ። ካህኑ ዲዮሱን ሁሉ ለተመረዙት ይስጥ፤ መጀመሪያ ለተዋጊ አይደለም፤ ላይፉ ትንሽ ለሆነው። ሌላ በር አትንኩ።

ካህኑ ሌቭል 3 ሲደርስ ካልፎ የሚባል ድግምት ሊማር ይችላል። ካልፎ ወጥመዱን ከመቶ 95 ጊዜ በትክክል ይለያል። ከዚያ በኋላ ሳጥን መክፈት ሌላ ነገር ይሆናል።

ደረጃ 9፦ የጋጣው ዘዴ

ይህችን ዘዴ ያወቀ ሰው ገንዘብ አያጣም።

ግንቡ ውስጥ ያለው ማደሪያ አምስት ዓይነት ቦታ አለው። የፈረስ ጋጣው ነፃ ነው። ቀጥሎ 10፣ 50፣ 200 እና 500 ወርቅ የሚከፈልባቸው አሉ። የሚከፈልባቸው ላይፍ ይመልሳሉ፤ ግን ሳምንታት ያልፋሉ፤ ሰዎቻችሁም ያረጃሉ። እርጅና በዚህ ጌም እውነተኛ ነገር ነው። ዕድሜ ሲገፋ አቅም ይወርዳል።

ጋጣው ላይፍ አይመልስም። ድግምትን ግን ሙሉ በሙሉ ይመልሳል። ስለዚህ፦

1. ከዋሻው እንደወጣችሁ ካህኑን ብቻ ጋጣ ውስጥ አሳድሩ። ድግምቱ ይሞላል።
2. ተመልሳችሁ ወደ ዋሻው ግቡ፤ ግን ከደረጃው አትንቀሳቀሱ። ካምፕ አድርጉ።
3. ካህኑ ዲዮስን ለተጎዱት ይስጥ።
4. ውጡ። ካህኑ እንደገና ጋጣ ይደር።
5. ሁሉም ላይፍ እስኪሞላ ድገሙት።

ወጪው ዜሮ ነው። በመጨረሻ ስድስቱንም አንድ ሌሊት ጋጣ አሳድሩ። ሌቭል ያለፈ ሰው የሚታወቀው ማደሪያ ሲያድር ነው፤ ጋጣም ይቆጠራል። ሌቭል 2 ለመግባት ሌባ 900፣ ተዋጊ 1000፣ ካህን 1050፣ አስማተኛ 1100 ልምድ ያስፈልገዋል።

ሌቭል ሲያልፉ አንዳንድ ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። አትደንግጡ፤ ሕጉ ነው። ሌላ ጊዜ ይመለሳል።

ደረጃ 10፦ አንድ ሰው ሲሞት

በዋሻው ውስጥ ሰው ከሞተ ወዲያውኑ ውጡ። በአምስት ሰው «አንድ ውጊያ ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

የካንት ቤተ መቅደስ ሙታንን ያስነሣል። ክፍያው በዋናው ጌም የሟቹ ሌቭል ሲባዛ በ250 ወርቅ ነው። አይሳካም ማለትም አለ። ካልተሳካ ሰውየው አመድ ይሆናል። አመዱን ለማስነሣት ክፍያው ሌቭሉ ሲባዛ በ500 ይሆናል። ያም ካልተሳካ ሰውየው ለዘለዓለም ጠፋ፤ ገንዘቡም አይመለስም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የሞተው ሌቭል 1 ወይም 2 ከሆነ አዲስ ፍጠሩ። በ250 ወርቅ ሁለት ተዋጊ ሙሉ ለሙሉ ታስታጥቃላችሁ። ሌቭል 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ገንዘብ አጠራቅሙና አስነሡት። እስከዚያ ተጠባባቂው ቦታውን ይያዝ። ስም ሰጥታችሁ የለመዳችሁትን ሰው መተው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሌቭል 1 ላይ ግን ተዉት።

ስድስቱም ካለቁ

ይህ ሲሆን ጌሙን አትዝጉ፤ አታጥፉም። አላለቀም።

አስከሬኖቹ የሞቱበት ካሬ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዕቃቸውም አብሯቸው አለ። ሌላ ቡድን ወርዶ ሊያወጣቸው ይችላል።

1. የሞቱበትን ቦታ ጻፉ። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ደብተር ያዙ ያልኳችሁ። አስማተኛው ዱማፒክ የሚለውን ድግምት ሲያገኝ ቦታችሁን በቁጥር ይነግራችኋል፦ ስንት ወደ ምሥራቅ፣ ስንት ወደ ሰሜን።
2. ከተጠባባቂዎቹ አራት ሰው አዘጋጁ፤ ስድስት አይደለም። ቡድኑ ከስድስት ስለማይበልጥ አስከሬን የሚሸከምበት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። አራት ሰው ከሄደ ሁለት አስከሬን ይዞ ይመለሳል።
3. አዲሶቹን በቀጥታ አትላኳቸው። የሞተው ቡድን ሌቭል 4 ከነበረ አዲሶቹም ቢያንስ 3 ይድረሱ።
4. ቦታው ላይ ስትደርሱ ፍለጋ የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። አስከሬኖቹ ይታያሉ።
5. መጀመሪያ ካህኑንና ከሁሉ የተሻለ ዕቃ የያዘውን አንሡ። ውጡ። ለቀሩት ተመለሱ።

ሌቭል 1 ሆነው ካለቁ ግን ለማውጣት አትድከሙ። ከደረጃ 1 ጀምሩ። አሁን ፈጣን ትሆናላችሁ።

ደረጃ 11፦ ወደ ታች መቼ?

የመጀመሪያው ወለል ላይ ቆዩ። ደጋግሜ የምለው ይህንን ነው። ጉዞውን በጥቂቱ አስረዝሙ፦ አንድ ውጊያ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ሁልጊዜ አንድ ካቲኖ ለመመለሻ ይትረፍ።

ወለሉ ላይ ጨለማ የሆነ ክፍል አለ። ብርሃን የሚሰጠው ሚልዋ የተባለው ድግምት እዚያ ሲገባ ይጠፋል። እስከ ሌቭል 4 ድረስ አትግቡበት።

ሐውልት ያለበት ክፍልም አለ። እዚያ የመርፊ መንፈስ የሚባል ጭራቅ ይወጣል። ሲመታ ደካማ ነው፤ ለመግደል ግን ብዙ ዙር ይፈጃል፤ ልምዱ ከወለሉ ጭራቆች ሁሉ እጅግ ይበልጣል። ከሁሉ የሚጥመው ደግሞ ተመልሳችሁ ስትመጡ እንደገና መውጣቱ ነው። ሦስቱ ተዋጊዎች ሌቭል 3 ወይም 4 ሲደርሱ ሂዱ። ሁለት መንፈስ አንድ ላይ ቢወጣ እንኳን ትችላላችሁ። የኋላዎቹ ይከላከሉ፤ ተዋጊዎቹ ይምቱ፤ ካህኑ ላይፍ ይጠብቅ።

ወደ ሁለተኛው ወለል የምትወርዱት ሁሉም ሌቭል 4 ሲደርሱ ነው። አስማተኛው ሌቭል 5 ሲሆን ማሃሊቶ ሊያገኝ ይችላል፤ ያ እሳት አንድን ቡድን በሙሉ ያቃጥላል። ከዚያ ወዲህ ካቲኖ ብቸኛ መተማመኛችሁ አይሆንም።

አዲስ ወለል ላይ ስትገቡ ደግሞ ከደረጃ 6 ጀምሩ። አንድ ውጊያ፤ ከዚያ ወደ ላይ። ከመጀመሪያው ወለል እስከ አራተኛው የሚወርድ አሳንሰር አለ፤ ከጨለማው ወዲያ ነው። አግኝታችሁት ቁልፉን ለመጫን እጃችሁ ቢያሳክካችሁ የካህኑን የድግምት ዝርዝር ክፈቱ። ላቱሞፊስ ከሌለ አትጫኑት።